ለሾፌሩ የታዘዘ ጡብ

አሰበ ተፈሪ፣ መስከረም 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለዓይናዲስ፣ ቤይሩት

ባሕር የማይከለክለው ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። የአባቶቻችን አምላክ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የጀመርሽውን የነርስ ትምህርት ለፍሬ ያብቃልሽ። እኔም እናትሽ እትዬ እቴነሽም በአዲሱ ዓመት ደኅና ነን።

እናትሽ ከሁሉ በፊት ይህን ጻፍልኝ ብለዋል፦ ብርድ ልብስ ደርበሽ ተኚ፤ ጾም ብትገድፊም ሰው አገር ነሽና አምላክ አይቀየምሽም። እኔ ብገድፍ ኖሮ እጄን ይዘው ንስሐ አባቴ ፊት ያቆሙኝ ነበር! ታውቂያለሽ፣ አያቶቻችን ወንድማማቾች ከመሆናቸው በቀር እኔንና አንቺን የሚያገናኘን ነገር አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ በድሬሰርነት ከቡልጋ አንሥቶ እዚህ ሲወረውረኝ ግን፣ እናትሽ የአያቴን ስም ገና ሲሰሙ ቤታቸውን ከፈቱልኝ። አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና በፖሊስነት መጥተው እዚህ ከቀሩ ወዲህ እናትሽ ዘመድ አይተው አያውቁም ነበር። አንቺም ስትሄጂ "እናቴን አደራ" ብለሽኛል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከገለምሶ ቡናና ጫት የሚያመላልስ አብዱልቃዲር የሚባል ሾፌር አለ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ከግራ መቀመጫው ተነሥቶ በጭኑ ጀርባ እስከ ተረከዙ የሚወርድ ሕመም ይዞት ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቶታል። ሲያስለውማ እንደ ሕፃን ይጮኻል። አንዱ ቁርጥማት ነው ይላል፣ ሌላው መጋኛ። እኔም አሸሁት፣ አስፕሪን ሰጠሁት፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ሰው ሐኪም ይለኛል፤ እኔ ግን ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነው የማውቀው። አንቺ መጻሕፍቱ አጠገብ ነሽና መንሥኤው ምን እንደ ሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ በለጠ

ቤይሩት፣ ጥቅምት 15 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ በለጠ

ናፍቆቴ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስዎ። እናቴን እንደ ልጅ ሆነው ስለያዙልኝ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እኔ ደኅና ነኝ። ብርድ ልብስ እንደምደርብ ለእናቴ ይንገሩልኝ። ጾሙን ግን አልገደፍሁም፤ እዚህ አገር ባቄላው ብዙ ነው።

የሾፌርዎን ነገር ለመምህራችን ነግሬያት በሰፊው አስረዳችኝ። የጀርባችን አጥንት የክር ማጠንጠኛ ተደራርቦ እንደሚቆም ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ውስጡ ገንፎ የመሰለ ትራስ አለ። ከባድ ነገር ጎንበስ ብሎ ያነሣ፣ ወይም እንደ ሾፌርዎ ቀኑን ሙሉ በመጥፎ መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ ሰው ትራሱ ይቀደድና ገንፎው ወደ ውጭ ይገፋል። እዚያ ጋ ደግሞ ወደ እግር የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች ይወጣሉ። የተገፋው ትራስ አንዱን ሥር ሲጫነው ሰውየው ወገቡን ሳይሆን እግሩን ያመዋል። ሲያስል የሚብስበት ማሳል ትራሱን ስለሚገፋው ነው። ሥሮቹ መቀመጫ ውስጥ ተገናኝተው አንድ ገመድ ይሆናሉ፤ ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል፣ በሰው ገላ ውስጥ እሱን የሚያህል ነርቭ የለም። ሲያቲክ ይሉታል።

መንሥኤው ግን ይህ ብቻ አይደለም። በሽማግሌ ላይ አጥንቱ ራሱ አድጎ የነርቩን መውጫ ያጠብበታል። የወደቀ ሰው፣ ያረገዘች ሴት፣ የጀርባ አጥንቱን ሳንባ ነቀርሳ የበላው ሰውም ያገኘዋል። መቀመጫ ውስጥ ያለ ጡንቻም ሲኮማተር ገመዱን ያንቀዋል። ጠንካራ ነገር ላይ ለብዙ ሰዓት የሚቀመጥም አለ፤ ስለዚህ ሾፌሩ በኋላ ኪሱ ምን እንደሚይዝ ይጠይቁልኝ። አንድ ሌላ መንሥኤም ነበረ፤ መምህራችን "እሱን በሚመጣው ዓመት ከመርፌ ትምህርት ጋር እነግራችኋለሁ" ብላ ዘለለችው።

ለአብዱልቃዲር ይህን ያድርጉለት፦ አልጋው ላይ ሣንቃ ዘርግተው ሦስት ሳምንት ያስተኙት። ጡብ አግለው በጨርቅ ጠቅልለው ወገቡ ሥር ያድርጉለት። ጎንበስ ብሎ ምንም እንዳያነሣ።

ለእናቴ የነርስ ልብስ ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶግራፍና አንድ ሹራብ በመርከብ ወደ ጂቡቲ ልኬያለሁ። በባቡር ሚኤሶ ጣቢያ ይደርሳል፤ እርስዎ ይቀበሉልኝ።

እህትዎ ዓይናዲስ

አሰበ ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓይናዲስ

እጅሽ ይባረክ! አብዱልቃዲር ተነሣ። በኋላ ኪሱ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ይህን የሚያህል መፍቻ! ሽፍታ ቢመጣበት ሊከላከልበት ዓመት ሙሉ ተቀምጦበት ኖሯል። አሁን ፎጣ አጥፎ ይቀመጣል፤ ሚኤሶና ቦርደዴ ላይ እየወረደ ወገቡን ያፍታታል። ትናንት አንዲት ፍየል እየጎተተ መጣ። በእናንተ ቢላ ትታረድ ብሎ ነው በሕይወቷ ያመጣት። "ዶክተርዋን ረቢ ያክብራት፣ በወረቀት አዳነችኝ ወላሂ" እያለ በገበያው ሁሉ ስምሽን ይጠራል። ጎረቤታችን ፋጤ ጫት ከምትሸጥበት ተነሥታ እልል አለች። እናትሽ ደስታቸው ወሰን አጣ። እኔም ሳልዋሽሽ ትንሽ ኮራሁ።

ፎቶግራፍሽ ደርሷል። እኔ ልቀበል ብል እናትሽ "የልጄን መልክ ከእኔ በፊት ማንም አያይም" ብለው በአብዱልቃዲር መኪና ራሳቸው ሚኤሶ ወረዱ። ባቡሩ ዘግይቶ ሁለት ቀን እዚያው ጠበቁት። የቆላ ነገር ታውቂዋለሽ፤ ከተመለሱ በኋላ ብርድ ብርድ አላቸው፣ ወባ ይመስለኛል። ነገ ጠንከር ያለ መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ። አታስቢ፤ እኔ እያለሁ።

በለጠ

ቤይሩት፣ የካቲት 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለጋሼ በለጠ

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ፤ ምሕረቱ አይለያችሁ። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም። እናቴ ከወባው ዳነች ወይ? ጊዜ ከሌለዎት አንድ መስመር ይበቃኛል። "ድናለች" ብቻ ብለው ይጻፉልኝ።

ዓይናዲስ

አሰበ ተፈሪ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓይናዲስ

ከትንሣኤው በረከት ያካፍልሽ፤ ሰላምታዬ ብዙ ነው። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። አይዞሽ፣ እናትሽ ከወባው ድነዋል።

ብቻ ቀኝ እግራቸውን ያማቸዋል። ሕመሙ ከመቀመጫቸው ተነሥቶ እስከ ተረከዝ ይወርዳል። ልክ እንደ አብዱልቃዲር ነው። መቼም ያ የሚኤሶ መንገድ ጎድጓዳ ነው፤ በዚያ መኪና ሲንገላቱ ሄደው ሲንገላቱ ተመልሰዋል። እንስራ ማንሣትም አይተዉም። አንቺ በጻፍሽው መሠረት ትራሱ ተገፍቶ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ለሾፌሩ ያዘዝሽውን ላድርግላቸው ወይ? የሚታሽ ቅባት ካለም ላኪልን።

የክሊኒኩ ሥራ እንደ ድሮው ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቷል፤ ማሽላው አልተዘራም። ሌላ ምን እላለሁ፤ አገሩ ሰላም ነው።

በለጠ

ቤይሩት፣ ግንቦት 27 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለጋሼ በለጠ

ለእናንተ ከማስበው የበለጠ ሰላም ይስጣችሁ። ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ዝናቡ የጻፉት ስለ እናቴ ከጻፉት ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ይቅር ይበሉኝ፣ ጨንቆኝ ነው።

ጋሼ፣ ሳይመረምሩ ምንም አያድርጉ። የሚቆነጥጠኝ ነገር አለ፤ በእንስራም በመንገድም የሚመጣ ሕመም ቀስ እያለ ነው የሚብሰው። የእናቴ በአንድ ቀን መጣ ወይስ እያደር? ሲያስላት ይብስባታል? ዓይኗን ጨፍና ሳለች በመርፌ ጫፍ የእያንዳንዱን ጣቷን ጫፍ፣ የእግሯን መርገጫና ጀርባውን ይንኩና ተሰማኝ ወይም አልተሰማኝም እንድትል ይጠይቋት። ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ ማጠፍ፣ አውራ ጣቷን ማንሣት ትችላለች? ስትራመድ እግሯ መሬት ይጎትታል?

ይህን የምጠይቅዎ በዋዛ አይደለም። የማይሰማትና እግሯን የማታነሣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ያን ጊዜ አንድ ቀን ሳያድር ድሬዳዋ ይውሰዷት፤ እኔም ትምህርቴን ትቼ በሚመጣው መርከብ እመጣለሁ። የሚሰማትና የምታነሣ ከሆነ ግን እንደ ሾፌሩ ነው፤ በእረፍት ይድናል።

እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ። እኔ ያለሁት ዓይኔን ለእርስዎ አበድሬ ነው።

ዓይናዲስ

አሰበ ተፈሪ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓይናዲስ

የአምላክ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። እንዳዘዝሽኝ መርምሬያለሁ። ሕመሙ እያደር ነው የመጣው። ሲያስላቸው ይብስባቸዋል። በመርፌ ጫፍ ስነካቸው በሁሉም ቦታ ይሰማቸዋል። አውራ ጣታቸውን ያነሣሉ፣ እግራቸው አይጎተትም። ስለዚህ ትምህርትሽን አትተዪ፤ የሚያስመጣ ነገር የለም።

የሚከተለው እናትሽ ተናግረው ያስጻፉኝ ነው።

"ልጄ ዓይናዲስ፣ ዓይኔን በዓይንሽ ያሳየኝ። ነጭ ቆብሽ ያምርብሻል፤ ከራስጌዬ ሰቅዬሻለሁ። ፋጤ ሳትቀር እየመጣች ትስምሻለች። እግሬ እርጅና ነው፤ እርጅና ደግሞ መድኃኒት የለውም። ትምህርትሽን ሳትጨርሺ ብትመጪ በር አልከፍትልሽም፤ በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ። በለጠ እንደ ወለድሁት ልጅ ይዞኛል። እሱን አትጨቅጭቂው፤ ከስቷል። ሰውነቴ ቢደክምም አንደበቴ ደኅና ነው፣ ሌት ተቀን እመርቅሻለሁ።"

እግራቸው እየቀዘቀዘ ያስቸግራቸዋል። ለብርዱ ምን ይሻላል?

በለጠ

ቤይሩት፣ ነሐሴ 16 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለጋሼ በለጠ

ተመስገን ነው! ደብዳቤዎን ይዤ ደረጃውን ስወርድ ልወድቅ ነበር። ጤና ያብዛልዎ። እናቴ በር አልከፍትልሽም ስትል ድምፅዋን ሰማሁት፤ ስቄ ስቄ አለቀስሁ።

እንግዲያው እንደ አብዱልቃዲር ነው። አልጋዋ ላይ ሣንቃ ይዘርጉላትና ትተኛ፣ አትነሣ፤ ሦስት ሳምንት ካልበቃ ሁለት ወር ትተኛ። እግሯንም አያንቀሳቅሱባት፣ ይረፍ። ጡቡን አግለው ጠቅልለው ለወገቧ፤ ለቀዘቀዘው እግሯም ያድርጉላት። ሲበዛባት ራሷ ትነግራችኋለች።

ሾፌሩን ያዳነ አምላክ እናቴንም ፈውሱን አይነሣትም። ቅባቱን በሚመጣው መርከብ እልካለሁ።

ዓይናዲስ

አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር 24 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓይናዲስ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ቅባቱ ደርሷል፣ አመሰግናለሁ።

እናትሽ እንዳልሽው ተኝተዋል። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሸለብ አድርጓቸው ሳለ ጡቡ ጨርቁን በልቶ ተረከዛቸውን ጠበሰው። ቁስሉ ትንሽ ነው። በየቀኑ አጥብላቸዋለሁ፣ ዱቄት መድኃኒትም አደርግበታለሁ። ግን አልደርቅ ብሏል፤ ጠረንም አለው። ሣንቃውም ጀርባቸውን ልጦታል። እግሩም ቀጥኗል፤ መርገጫው ወደ ታች ተንጋዶ ደርቋል።

ፋጤ ቀን ቀን አጠገባቸው ነች። አብዱልቃዲርም ከገለምሶ ሲመለስ ማር ይዞላቸው ይመጣል። እሱ ደኅና ነው።

በጸሎትሽ አስቢን። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለኝም።

በለጠ

ቤይሩት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለጋሼ በለጠ

የልደት በዓል ሰላም ይሁንልዎ።

አሁን ተረጋግቼ ልጻፍ። የሚሰማው ሰው ተኝቶም ቢሆን እግሩን ከእሳት ይሸሻል። ሕፃንም ይሸሻል። የእናቴ እግር ግን ጨርቁ እስኪነድ፣ ተረከዟ እስኪጠበስ እዚያው ነበረ። እርስዎ ይሰማታል ብለውኛል። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው፤ ጡቡ ደግሞ አይዋሽም።

በዚህ ሳምንት መምህራችን ዓምና የዘለለችውን አስተማረችን። በሰሌዳው ላይ መቀመጫ ሣለችና በመስቀለኛ መሥመር አራት ቦታ ከፈለችው። መርፌ የሚወጋው ከላይ በውጭ በኩል ባለው ብቻ ነው አለች፤ ወደ ታች ወደ ውስጥ ሲሄዱ ያ አውራ ጣት የሚያህለው ገመድ አለ። በሽተኛው በሆዱ ይተኛል፣ ከወገቡ እስከ ጭኑ ይገለጣል፤ ሳያዩ መውጋት አይፈቀድም። ገመዱ የተወጋ እንደ ሆነ መብረቅ የመሰለ ሕመም እስከ ተረከዝ ይወርዳል። ከዚያ እግሩ ይዝላል፣ ይደነዝዛል። እንዲህ ያለ ሰው እንዲተኛ አይደረግም። እግሩ በእንጨት ተደግፎ ቀና ተደርጎ ይታሰራል፣ ጣቶቹ በየቀኑ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዓመት በኋላ የሚመለስለት አለ። እሳት ደግሞ በጭራሽ አይጠጋውም፤ ስለማይሰማው።

ይህን ስትናገር እጄ መጻፍ አቆመ። እኔ ያዘዝሁት ሁሉ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ጋሼ በለጠ፣ ዓምና "ነገ ጠንከር ያለ መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ" ብለው ጽፈው ነበር። የሚዋጥ ነበር ወይስ የሚወጋ? የሚወጋ ከሆነ በየት በኩል ወጉ?

መልሱን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ድሬዳዋ ይውሰዷት። እለምንዎታለሁ።

ዓይናዲስ

አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለዓይናዲስ

በምን ሰላምታ እንደምጀምር አላውቅም። እናትሽ ማረፋቸውን የፖስታ ቤቱ ቴሌግራም ነግሮሻል። የቀረውን ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍና ስቀድ ከርሜ ይኸው ዛሬ ጻፍሁት።

የሚወጋ ነበር። ፍየሏ በመጣች በሳልስቱ ያን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጥዬ ስመለስ፣ የወባውን መርፌ ቀቅዬ ወደ እናትሽ ገባሁ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ይተኙና ልብስዎን ይግለጡልኝ ብላቸው በትኩሳታቸው ላይ ተቆጡ። "ልጄ አይደለህም ወይ? ልጅ የእናቱን ገላ ሊያይ? ሞት ይሻለኛል" አሉ። እኔም እንግዳ ሴት ብትሆን ገልጬ እወጋት ነበር፤ እሳቸውን ግን አፈርሁ። ተስማማንና በርጩማ ላይ እንደ ተቀመጡ የቀሚሳቸውን ስፌት በጎን በኩል ጣት የሚያስገባ ያህል ተረተሩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው መልሼ በእጄ እየዳበስሁ ወጋሁ። ከላይ በውጭ በኩል መሆኑን በሥልጠናችን ጊዜ ተነግሮኛል፤ አልተማርሁም ብዬ አልዋሽሽም። አላየሁም እንጂ አውቅ ነበር።

መላ ገላቸው ዘለለ። እግራቸው በርጩማውን ረግጦ ጣለው። ድምፅ ግን አላወጡም። ቆይተው "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ከዚያ ሊነሡ ቢሉ እግሩ የለም።

እናትሽ ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋል። "ለልጄ እንዳትጽፍ፤ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፤ አንተንም ትረግምሃለች፣ ዘመድ ይበጠሳል" ብለው አማሉኝ። እኔም መሐላው ተመቸኝ። ሌላው ቀርቶ በግንቦት ያን ሁሉ ጥያቄ ስትጠይቂኝ እናትሽን አልመረመርሁም። መልሱን አውቀዋለሁና። ደብዳቤሽን ይዤ አብዱልቃዲር ዘንድ ሄድሁና እየጠየቅሁ እሱ ታሞ ሳለ የተሰማውን ጻፍሁልሽ። ሲያስለው ይብስበት ነበር፤ ጣቱን ያነሣ ነበር። ያነበብሽው የእሱን እግር ነው። ከዚያ ወዲህ ያዘዝሽው ሁሉ ለእሱ የሚስማማ ነበር።

ጡቡ ያቃጠላቸው ቀን ፋጤ በጠረኑ ነው ያወቀችው። "አዮ እቴነሽ! ሲያቃጥልሽ ለምን ዝም ትያለሽ?" ብላ ጮኸች። እናትሽ ከእንቅልፋቸው ነቅተው "ምን አቃጠለኝ?" አሏት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

የታኅሣሥ ደብዳቤሽ በጥር መጨረሻ ደረሰኝ። በማግስቱ አብዱልቃዲር መኪናው ላይ ፍራሽ ዘርግቶ እስከ ሚኤሶ አደረሰን። እግሩ እስከ ጉልበት ጠቁሮ፣ ትኩሳቱ አእምሯቸውን ወስዶት ነበር። ባቡሩ እስኪመጣ ጣቢያው ጥላ ሥር አስተኛናቸው። "ፎቶግራፉ መጣ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። አብዱልቃዲር "መጣ አዮ፣ መጣ" ይላቸዋል። ባቡሩ ሳይደርስ አረፉ።

ዓይናዲስ፣ ምክርም መድኃኒትም ለምኜሽ ነበር። አሁን ይቅርታሽን ነው የምለምንሽ። ባትሰጪኝም አይፈረድብሽም።

በለጠ

ቤይሩት፣ መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ከዚህ ወረቀት ጋር አንድ ሥዕል አለ፤ ራሴ ነኝ የሣልሁት። መሥመሩን በቀይ፣ የነርቩን መንገድ በጥቁር አድርጌ በአማርኛ ጽፌበታለሁ። በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ፣ መርፌ በሚቀቀልበት በኩል ይለጥፉት። ማንበብ የማይችልም ይገባዋል።

ትምህርቴን ባለፈው ሰኔ ጨርሻለሁ። እናቴ ዝም ያለችው ለዚህ ነበር። የምስክር ወረቀቱ ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ የማሳየው ሰው የለኝም። እዚሁ ሥራ ሰጥተውኛል። ወደ አሰበ ተፈሪ አልመለስም።

ጡቡን ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደማዝ አላውቅም ነበር ብዬ ራሴን ባጽናናም፣ ስተኛ የሚሸተኝ የእሷ ተረከዝ ነው። ለአብዱልቃዲር ሰላም ይበሉልኝ፤ የተነሣው ስለ ራሱ እውነቱ ስለ ተጻፈልኝ ነው። ፋጤንም ስለ እናቴ ይሳሙልኝ።

የለመኑኝን ይቅርታ በውስጤ ፈለግሁት። ከመስከረም እስከ መስከረም ብፈልገውም የማገኘው አይመስለኝም፤ ስለዚህ አይጠብቁ።

ሥራዎን ግን አይተዉ፤ ያ አገር ከእርስዎ ሌላ የለውም። ሌሎች እናቶችም ይመጣሉ። እነሱም ልጄ ነህ ይሉዎታል፣ ቀሚሳቸውን ይይዙብዎታል። ፊትዎን ወደ ግድግዳ አይመልሱ። እያዩ ይውጉ።

ዓይናዲስ